ኅዳጉ ላይ የተጻፈ አማርኛ

እንግሊዝኛዬን ያሻሻለው ፍቅር ነው ብል ማንም አያምነኝም። ሰው ፍቅር ሲይዘው ይከሳል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ቢብስበት ግጥም ይጽፋል። እኔን ግን መዝገበ ቃላት አስታቀፈኝ።

ነገሩ የሆነው ሀርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር በሚባል ሰፈር ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እያለሁ ነው። ስሜ ዳግማዊት ነው። በዘጠኝ ዓመቴ እናቴን ተከትዬ ከደብረ ማርቆስ መጣሁ። እናቴ የትምህርት ቤቱ ባለቤት ቤት ታበስላለች፣ ታጥባለች፤ እኔ ደግሞ በእሷ ጉልበት በነፃ እማራለሁ። ከክፍሉ ክርስቲያን እኔ ብቻ ነበርኩ። እንደ ሌሎቹ እሸፋፈናለሁ፣ ሶማልኛም አቀላጥፌ እናገራለሁ፤ ስሜ ሲጠራ ግን ሁሉም ዞር ብሎ ያየኛል።

የክፍሌ ልጅ መሀድ የእኔ ተገላቢጦሽ ነው። የዚሁ የሀርጌሳ ሰዎች ልጅ ሆኖ ያደገው አዲስ አበባ፣ ቦሌ ሚካኤል ነው። አባቱ ሲሞቱ ዓምራን የሚባሉት እናቱ ይዘውት ወደ አጎቱ ወደ ባሬ ቤት ተመለሱ፤ የሚበላውም የሚማረውም በአጎቱ ነበር። ሶማልኛው የአማርኛ ቅላፄ ስላለው ወንዶቹ «ሐበሻው» እያሉ ያበሽቁታል። እሱ ይስቃል እንጂ አይቆጣም። ያ ሳቁ ነው መጀመሪያ ያጠፋኝ።

የእንግሊዝኛ መምህራችን ቲቸር ኸድር አንድ የቆየ ልብ ወለድ ያስተምሩን ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው አገር ማን ማንን እንደሚያገባ የሚወስን ቢሮ አለው። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ያለ ቢሮው ፈቃድ ይዋደዳሉ። ቢሮው ይደርስባቸውና ይጠራቸዋል። ሰውዬው «አላውቃትም» ብሎ ይፈርምና ቤቱ ገብቶ እራቱን ይበላል።

«እንዲህ ያለ አገር በእውነት ሊኖር ይችላል?» ብለው ቲቸር ጠየቁ።

ክፍሉ በሙሉ «አላህ ያውጣን!» አለ። መሀድ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ እኔን አገሩ አልገረመኝም። የእህቴ ሰርግ እንዲሁ ነበር እኮ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም። መሀድ ያልሳቀውን ሰው ፈልጎ አገኘኝና ረዘም አድርጎ አየኝ።

መጽሐፉ ስላልበቃ አንዱ ለሁለት ተሰጠን። ቲቸር ኸድር «እናንተ አማርኛ ትችላላችሁ፣ ተረዳዱ» ብለው እኔንና መሀድን አጣመሩን። ወንድና ሴት የምንቀመጠው በየረድፋችን ስለሆነ አብረን ማንበብ አይታሰብም። መጽሐፉ ሦስት ቀን እኔ ዘንድ፣ ሦስት ቀን እሱ ዘንድ ያድራል። የከበደንን ቃል ኅዳጉ ላይ በእርሳስ፣ በአማርኛ እየፈታን እንቀባበል ጀመር።

መጀመሪያ የምር ፍቺ ነበር። ታዛዥነት። ስለላ። ድንጋጌ። ከዚያ አንድ ቀን ከ«ድንጋጌ» ሥር እንዲህ ተጽፎ አገኘሁ፦ «ዛሬ ወደ መስኮቱ አምስት ጊዜ ዞርሽ። መስኮቱ ሥር የምቀመጠው እኔ ነኝ።»

እኔም ጻፍኩ፦ «የማየው መስኮቱን ነው። አቧራው በዝቷል።»

ከሦስት ቀን በኋላ መስኮቱ ተወልውሎ ቆየኝ። ይህን ልጅ እንዴት አልወደውም?

ሰውዬው ስሙን የሚፈርምበት ገጽ ላይ ስንደርስ «መካድ» ብዬ ፈታሁ። እሱ ከጎኑ፣ እርሳሱን ተጭኖ፣ «እኔ ብሆን አልክድም» ብሎ ጻፈ። የዚያኑ ሳምንት ከትምህርት ስንወጣ ባጃጅ የምጠብቅበት ድረስ መጣ። ጎን ለጎን ሳይሆን ሁለት እርምጃ ተራርቀን ቆምን።

«አጎቴ ከጠየቀኝ እነግረዋለሁ» አለኝ።

«ያባርርሃል።»

«ያባርረኝ። ባጃጅ እነዳለሁ፤ አንቺ ከኋላ ቁጭ ትያለሽ።»

«ታስከፍለኛለህ?»

«ግማሽ።»

ሳቅሁ። ከዚያ የማይጠየቀውን ጠየቅሁት። «ሃይማኖታችንስ?»

«ባጃጅሽ መጣ» አለኝ፣ መንገዱን እያየ። ቢሆንም አመንኩት። ማመን ስፈልግ ማስረጃ የምጠይቅ ሰው አይደለሁም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አጎቱ መጽሐፉን ቤት ውስጥ አገኙት። የማያውቁት ፊደል ገጹን ሁሉ ከቦ ሲያዩ ዓምራንን «አንብቢልኝ» አሏቸው። ዓምራን «እርሳሱ ደብዝዟል፣ ዓይኔም ደክሟል» ብለው ሸሹ። በማግስቱ ጠዋት አጎቱ መጽሐፉን ከማን ጋር እንደሚጋራ ትምህርት ቤቱን ጠየቁና እሳቸው፣ ዓምራን፣ መሀድና እኔ ዳይሬክተሩ ቢሮ ተደረደርን። እናቴ የምትሠራበት ቤት ከግቢው አጥር ቀጥሎ ነው፤ ልብስ ስታሰጣ በመስኮቱ ትታየኝ ነበር።

ባሬ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። በሶማልኛ፣ በጨዋ ድምፅ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ በአንቺና በዚህ ልጅ መካከል ነገር አለ?»

እኛ አገር ሰው አዎ ለማለት ቃል ማውጣት አይጠበቅበትም፤ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ ካደረገ መልሷል። እኔም ምን እንደምል ሳስብ፣ ሳላዝዘው፣ ትንፋሼ ሳብ አለ። መሀድ ዓይኑን ጨፈነ። ዓምራን እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

ባሬ ግን ቡራኦ ከተማ ተወልደው ከአገራቸው ሳይወጡ ያረጁ ሰው ናቸው። «አስተግፊሩላህ! ልጅቷን አስደነገጥናት» አሉ ለዳይሬክተሩ። «የሰው ልጅ አሳፈርን። እውነቷን ነው፣ የለም።»

አዎ ብዬ የለም ተባለልኝ። ከዚያ ወደ መሀድ ዞሩ።

«አንተስ?»

አሁን ይናገራል፣ እናቴ ሥራዋን ታጣለች፣ እሱም ይባረራል፣ እኔ ግን ሕይወቴን ሙሉ የኮራሁ ሰው እሆናለሁ አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲናገር ጸለይኩ።

«ማያ» አለ። የለም።

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ።»

ዓምራን እስከ በሩ ሸኙኝ። እዚያ ሲደርሱ ቀስ ብለው በአማርኛ አወሩኝ።

«ሰምቼሻለሁ፣ የኔ ልጅ። ሃያ ዓመት አዲስ አበባ ኖሬ ይሄ ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ እትዬ?»

«ብናገር ማን ይተርፋል? አንቺ? እናትሽ?» ነጠላ ጫማቸውን አዩ። «እሱም እንደዚሁ አስቦ ነው። ቂም አትያዢበት።»

አልያዝኩም ብል ውሸት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጽሐፉን ከመሀድ ጋር የሚጋራው አንድ ወንድ ልጅ ሆነ፤ እኔ ከክፍሌ ልጅ ከናይማ ጋር ማንበብ ጀመርኩ። ናይማ ኅዳጉ እንዲቆሽሽ አትወድም።

መሀድን ያነጋገርኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ የመጨረሻው ፈተና ያለቀ ቀን። ከክፍል ስወጣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ከስቷል። አጎቱ መንገዱ ማዶ መኪናቸው ውስጥ ሆነው ይጠብቁታል፤ ቡራኦ ሊወስዱት ነው፣ ሱቅ ሊያስይዙት። ልጅ እንደታጨችለትም ናይማ ነግራኛለች።

«ዳጊ፣ ዋሽቼ ነው» አለኝ። «ታውቂያለሽ።»

«ማልክ እኮ።»

«በሶማልኛ ነው የጠየቁኝ። በእሱ የምናገረው ሁሉ የሌላ ሰው ይመስለኛል።» «በአማርኛ ቢጠይቁኝ ኖሮ አልክድሽም ነበር። በእናቴ እምልልሻለሁ።»

ዓመት ሙሉ እየዞርኩ ያየሁትን ፊት አየሁት። አሁንም እወደው ነበር፤ ከፋኝም።

«እሺ» አልኩት። «በአማርኛ ልጠይቅህ። መሀድ፣ ትወደኛለህ?»

አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ የመንገዱን ማዶ አየ።

«ድምፅሽን ቀንሺ» አለኝ፤ «አጎቴ ይሰማል።»

አጎቱ አንዲት ቃል አማርኛ አያውቁም።