በመስታወት የተከደነው ግቢ

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ባታምኑኝም አልፈርድባችሁም።

ክራኮቭ ነው። ታኅሣሥ፣ አርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

የዩኒቨርሲቲውን የድሮ ጎቲክ ሕንፃ ስናድስ፣ መሃል ግቢውን በመስታወት የከደንነው ሰባት ሰዎች ነን። ከበሩ ውጭ ሰሌዳ አለ። የገባ የነሐስ ቁጥሩን ይሰቅላል፤ የወጣ ያወርዳል። ሰሌዳው ባዶ ካልሆነ አለቃችን ፓን ባርናባ አይቆልፍም።

የዚያን ቀን የመጨረሻው መስታወት ገባ። ጣሪያ ሲያልቅ እንደ ልማዳችን አናቱ ላይ የጥድ ጉንጉን ሰቀልንና ሁሉም ለቮድካ ወጡ።

እኔ የረሳሁትን መሣሪያ ላመጣ ተመለስኩ።

ጃኬቴን የሥራ ባልደረባዬ ሌሼክ ይዞልኛል። ስልኬም እዚያው ኪስ ውስጥ ነው። ቁጥሬንም ስንወጣ እሱው አውርዶ ይዞልኛል፤ ስመለስ አልሰቀልኩትም...

በሩ ተቆለፈ።

በሩም መስታወት ነው። እኛው ነን የገጠምነው፤ በመዶሻ አይሰበርም።

ጮህኩ። ድምፄ ጣሪያውን ነክቶ ተመለሰ። እስከ ሰኞ የሚመጣ የለም። ብርዱ ደግሞ እስከ ሰኞ አያቆየኝም።

ቀና አልኩ።

ሃያ ሜትር ላይ አንዱ መስታወት በእስትንፋስ ደብዝዟል።

ከውስጥ በኩል።

የውስጡን መወጣጫ ጠዋት አፍርሰነዋል...

ጉሙ በክብ ተጠረገ። ሰው ውጭውን ለማየት እንደሚጠርገው።

ከዚያ ቀጣዩ ደበዘዘ። ከዚያ ቀጣዩ... ወደ በሩ፣ ወደ እኔ።

አፌን በእጄ ያዝኩ።

ሲመሽ ቁልፉ ዞረ። ሌሼክና አለቃው ናቸው።

"እናትህ አስር ጊዜ ደወለች፣ አንተ ጅል" አለ ሌሼክ እየሳቀ። ፊቴን ሲያይ ድምፁን ቀነሰ። "ማን አብሮህ ነበር?"

"ማንም።"

"ሁለት ሰው ሲተነፍስ ሰማን እኮ።"

ፓን ባርናባ ሰሌዳው ፊት ቆሟል።

"ቲሜክ፣ ቁጥርህ የት ነው?"

ሌሼክ ከኪሱ አወጣው።

"ታዲያ ይሄ የማን ነው? ስቆልፍ ባዶ ነበር።"

አንድ አሮጌ ነሐስ ተሰቅሏል። ስምንት ይላል።

አለቃው ቁልፉን ወደ በሩ አስጠጋ... መልሶ ኪሱ ከተተው።

"ሰው ውስጥ እያለ አልቆልፍም" አለ በሹክሹክታ።

በሩን ገርበብ አድርገን ወጣን። መንገዱን ስሻገር ዞር አልኩ።

በሩ ክፍት ነው።

መስታወቱ ግን ከውስጥ ደበዘዘ... ቀስ ብሎም፣ በፊቴ ቁመት ልክ፣ በክብ ተጠረገ።