የታረመው የግርጌ ማስታወሻ

ጽሑፉ የተሰረቀ ነበር።

የፍልስፍና ትምህርት ክፍሉ የቅጥር ኮሚቴ ሦስተኛውን አቃፊ ከፍቶ ማንበብ እንደ ጀመረ፣ ከአባላቱ አንዱ ድንገት ተነሣ። ከአርባ ዓመት በፊት የታተመ መጽሔት ከመደርደሪያው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

ቃል በቃል አንድ ነው።

ለረዳት ፕሮፌሰርነት የቀረቡት የሦስቱ ተወዳዳሪዎች ጽሑፍ የሚነበበው ያለ ስም፣ በቁጥር ብቻ ነው። ቁጥር ሦስት የማን እንደ ሆነ የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ስትናገር ሁሉም ክው አሉ። ከኮሚቴው አባላት በዕድሜ አንጋፋ የሆኑት ፕሮፌሰር እንደ ልጃቸው ኮትኩተው ያስተማሯት ወጣት ናት።

ተጠርታ ገጾቹን አየች። «ይህ የእኔ አይደለም» አለች። የሰው ጽሑፍ ሰረቀች ከተባለች ከእንግዲህ በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ አታስተምርም።

ጽሑፏ ተለውጦ እንደ ሆነ እንዲጣራ ፖሊስ ተጠራ። መርማሪው በመጀመሪያ የጠረጠረው ጸሐፊዋን ነበር፤ አቃፊዎቹ የሚቆለፉት በእሷ ቁም ሣጥን ነውና። እሷ ግን ቁልፉ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚውል፣ ይህንንም ፎቁ ሁሉ እንደሚያውቅ ነገረችው። ቀጥሎ ሌላውን ተወዳዳሪ፣ የዲኑን የእህት ልጅ፣ አስጠራ። እሱ ሳምንቱን ሙሉ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ ሸሚዙን ገልቦ ገና ያልደረቀውን ስፌት አሳየ። የቀረው ተወዳዳሪ ከውጭ አገር ገና አልገባም።

መርማሪው ፍልስፍና አያውቅም። ማነጻጸር ግን ያውቃል። መጽሔቱንና ጽሑፉን ጎን ለጎን አስቀምጦ መስመር በመስመር በጣቱ ወረደ።

አንድ ልዩነት አገኘ። የግርጌ ማስታወሻ አሥራ ሁለት፦ መጽሔቱ ገጽ 241 ይላል፤ ጽሑፉ ገጽ 214። የተጠቀሰውን መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት አስወጥቶ አየ። ትክክሉ 214 ነው።

ተንኮል ሊሠራ የሚገለብጥ ሰው የሌላውን ስህተት ምን ብሎ ያርማል? እዚህ ፎቅ ላይ ስህተት ሳያርም ማለፍ የማይችል ሰው እንዳለ ጸሐፊዋን ጠየቃት።

ጸሐፊዋ ሳቀች። «ጋሼ ናቸዋ። የሠርግ መጥሪያ እንኳ ሲሰጧቸው በቀይ አርመው ነው የሚመልሱት።»

ወዲያው የተናገረችው ነገር ገባት። ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ።

አዛውንቱ ፕሮፌሰር አልካዱም። መሳቢያቸውን ከፍተው እውነተኛውን ጽሑፍ ለመርማሪው ሰጡት። የተማሪያቸው ሐሳብ መሆኑን ከመጀመሪያው ገጽ እንዳወቁ ተናገሩ። ጽሑፉ ስማቸውን ያስጠራውን መጽሐፍ፣ የሠላሳ ዓመት ድካማቸውን፣ ከመሠረቱ የሚንድ ነበር። ሦስት ጊዜ አንብበውታል። በገጾቹ ላይ አንድም የቀይ ጭረት አልነበረም።

ኮሚቴው በዚያው ቀን ጽሑፉን አንብቦ ወጣቷን ቀጠራት። ውሳኔው ሲነገራት አላመሰገነችም። ወደ ደረጃው ሮጠች፤ ፕሮፌሰሩ በፖሊስ ታጅበው እየወረዱ ነበር።

«ጋሼ፣ ተሳስተሻል ቢሉኝ እኮ አምንዎት ነበር» አለች። «በገዛ እጄ እቀደው ነበር።»

ቆም ብለው አዩዋት።

«አልተሳሳትሽማ፤ እንዴት ብዬ ልበልሽ ልጄ?»