ጫማ የሚፈታ የለም

«የእቶን አለቃ ሲሾም ንግሥቲቱ ልቡን አውጥተው በማሰሮ ያስቀምጡታል አሉ።»

ቀጸላ ይህን ወሬ ከአልመራ ከተማ በር ሲወጡ አወራችው፤ የጥድ ደኑን ሲያልፉ ደገመችው፤ አሁን ደግሞ በሐመዳይ ተራራ ወገብ ላይ፣ ቅንድቧ በረዶ ቋጥሮ፣ አለቃዋ ከፊቷ በአንድ ገመድ አብራት ታስራ እየሰማቻት፣ አንድ ቃል ሳትለውጥ አመጣችው።

«የማንን ልብ?» አለ ከኋላ መርዕድ፤ ትከሻው በር የሚያክል ድንጋይ ፈላጭ ነው።

«የትንግርትን ነዋ! ማሰሮው ራሱ በርዶታል አሉ።»

ትንግርት አልዞረችም። ወሬው ውሸት ነው፤ ግን ሥራ ያቀልላታል። ልብ የላትም የተባለችን አለቃ ማንም እረፍት አይለምናትም።

የአልመራ እቶኖች በአንድ ማለዳ ጠፍተው ነበር። አስሐትያ የተባለው አውሬ፣ ትንፋሹ ወንዝ የሚያቆመው፣ እሳት ሁሉ የሚለኮስበትን የፍም ዕንቁ ከእናት እቶን ሰርቆ ወደ ተራራው ጫፍ ወጣ። ሕፃናት በእናቶቻቸው ጀርባ እንዳሉ ይደርቁ ጀመር። ያን ጊዜ ንግሥት እምራይስ የእቶን ሠራተኞችን አለቃ በሸንጎ ፊት አቁማ ጠየቀቻት።

«ትንግርት ሆይ፣ ዕንቁውን ይዘሽ ትመለሻለሽን? ሰዎችሽንስ?»

«ግርማዊት ሆይ፣ በእናት እቶን ነበልባል እምላለሁ፤ ዕንቁውንም ሰዎቼንም ይዤ እመለሳለሁ።»

ያኔ ዕንቁውን መመለስና ሰዎቿን መመለስ አብረው የሚሄዱ መስሏት ነበር።

የእቶን ሠራተኞች ለተራራ አንድ ደንብ ነበራቸው። ባረፉ ቁጥር አለቃው የእያንዳንዱን ጫማ ፈትቶ እግሩን በሆዱ ያሞቃል፤ ጣቶቹን እየቆነጠጠ «ያምሃል?» ይላል። ያመመው ይወጣል፤ ያላመመው እግሩ በብርድ ደንዝዟልና ይመለሳል። የቀድሞዋ አለቃ እማማ ሐረገ ይህን እንደ እናት ታደርገው ነበር። እንደ እናት እግር እያሸች ሳለ ውሽንፍር ደረሰና ግማሹን ሠራተኛ ባዶ እግሩን ቀበረው። ከተረፉት አንዷ ትንግርት ነበረች። በተሾመች ቀን የመጀመሪያ ትእዛዟ አጭር ነበር፦ «በተራራ ላይ ጫማ የሚፈታ የለም። ያቃተው ይናገር፤ ከገመድ ፈትቼ እመልሰዋለሁ።» መመለስ ማለት ደግሞ በእቶን ሠራተኞች ዘንድ ዕድሜ ልክ አመድ መጥረግ ነው።

ገመዱ ከኋላ ተወጠረ።

«አለቃዬ፣ ትንሽ ቁጭ ብንልስ?» አለች ቀጸላ።

«ምን ሆንሽ?»

«እኔማ ምንም። እሱ ነው...»

«መርዕድ! አቃተህ እንዴ?»

«ኧረ በጭራሽ! እኔን ሰበብ አድርጋ ልትቀመጥ ነው።»

«ወይ ጉድ! ሰበበኛዋ እኔ ሆንኩ?» አለች ቀጸላ። እንደ ልማዷ ግን አልሳቀችም።

ትንግርት ዞራ የመርዕድን ፊት አየች። ከንፈሩ ነጥቷል፤ በበትሩ ላይ ተደግፏል። «እስቲ ተቀመጥ» የሚለው ቃል አፏ ድረስ መጣ። ከዚያ ከበስተ ምሥራቅ የሚወጣውን ጥቁር ደመና አየችና ዋጠችው።

«እንሂድ።»

ከጫፉ ላይ የአውሬው ዋሻ ነበር፤ በደጃፉም ዕንቁው በቦታው እስካለ ብቻ ተንጠልጥሎ የሚቆይ ግዙፍ የበረዶ በር። መርዕድ ሳይታዘዝ ትከሻውን ከበሩ ሥር አስገባ።

«እኛ ስናልፍ ወደ ውጭ ትዘላለህ» አለችው።

«እሺ አለቃዬ።»

አስሐትያ እንደ ረጋ ጎርፍ ሆኖ ተኝቷል። ትንግርት ከደረቱ ሥር ዕንቁውን መዘዘች፤ መዳፏ ሲቃጠል አልተሰማትም። በሩ ወረደ፤ የመርዕድ አጥንት ጮኸ፤ በሩ ቆመ። አውሬው ዓይኑን ገለጠና ተራራው እስኪናወጥ አገሳ። ሁለቱ ሴቶች በመርዕድ ብብት ሥር ሾልከው ወጡ።

«ዝለል!»

መርዕድ አልዘለለም።

«ዝለል እኮ ነው የምልህ! ትእዛዝ ነው!»

«ገመዱን ቁረጪው፣ አለቃዬ» አለ፤ ድምፁ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነበር።

የአውሬው ትንፋሽ ከኋላው ሲነጣ አየች። ጩቤዋን አወጣች። ቆረጠች። በሩ በአውሬው አንገትና በመርዕድ ላይ ወደቀ።

የአልመራ እቶኖች ነደዱ። ሕዝቡ በየአደባባዩ አለቀሰ፤ ጨፈረ። ንግሥቲቱም በሸንጎ ቆማ «መርዕድ መሸሽ ሲችል ስለ እኛ መቆምን መረጠ! ስሙ በእናት እቶን ግንብ ላይ ይቀረጽ!» አለች።

ትንግርት ሽልማቷን ተቀበለች፤ እጅ ነሳች፤ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የሚናገሯት ሁሉ ከግድግዳ ጀርባ የሚናገሩ ይመስላት ነበር። «መረጠ» የሚለውን ቃል ግን ይዛዋለች። በእሱ ትበላለች፤ በእሱ ትተኛለች።

አንድ ቀን ፈረቃ ሲለወጥ ቀጸላ መጥታ አጠገቧ ቆመች። ከተራራው ከወረዱ ወዲህ ስለ ማሰሮው አውርታ አታውቅም።

«ለምን እንዳልዘለለ ጠይቀሽኝ አታውቂም» አለቻት።

«መርጦ ነዋ። ግርማዊት ተናገሩ እኮ።»

«አልመረጠም። ደኑን ካለፍን ጀምሮ እግሩ አይሰማውም ነበር። ለእሷ እንዳትነግሪያት፣ አመድ ጠራጊ ታደርገኛለች ብሎ አስማለኝ።»

ትንግርት አካፋዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«የትኛው እግሩ?»

«ሁለቱም።»