ሳሎን፣ ጓዳ፣ ጉድጓድ

«ለተከበራችሁ የላይ ሸለቆ ከተማ ነዋሪዎች፦ ሙታን ዛሬም እንደወትሮው ይመልሳሉ» ሲል የከተማው ድምፅ ማጉያ በታላቅ ግርማ አስታወቀ። ቀና ብሎ ያዳመጠ የለም።

ጥጋቡ ቤት ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ልጁን ሶልያናን ለምትወደው ለኤርሚያስ ሊጠይቁ ሲመጡ ይህ ሦስተኛቸው ነው። ጥጋቡ የኤርሚያስን ወገን አይወድም፤ ይህን በራሱ አፍ መናገር ግን ነውር ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ጊዜ «ያለ አባቴ ቃል ውሃም አልጠጣ፤ ጠየቅኋቸው፣ አልፈቀዱም» ብሎ መልሷቸዋል። አባቱ ከሞቱ ቆይተዋል፤ አእምሯቸው ግን እንደማንኛውም ሟች በከተማው ማኅደር ተቀምጧል።

ማኅደሩ ሦስት ደረጃ አለው። ባለሙያዎቹ ረዣዥም ስም አውጥተውለት ነበር፤ ሕዝቡ ሳሎን፣ ጓዳ፣ ጉድጓድ ይለዋል። ሳሎን ያለ ሟች ጥያቄው ሳያልቅ ይመልሳል። ጓዳ ያለው ጉሮሮ እስኪጠረግ ያቆያል። ጉድጓድ ያለው በቴፕ ተቀድቶ ከመሬት በታች ነው፤ የብረት ክንድ ሄዶ እስኪያወጣው መጠበቅ ነው። ቦታ የሚደለድል ሰው የለም። መሣሪያው አዘውትሮ የተጠራውን ያቀርባል፣ የተረሳውን ያወርዳል። ሟችም ጊዜ አያልፍበትም፤ ሲጠራ ወሬውን ካቆመበት ይቀጥላል።

«እንግዲህ አቶ ጥጋቡ» አሉ መሪው ሽማግሌ ጋሽ ድንበሩ የኪስ መጥሪያቸውን መታ መታ አድርገው፣ «እምቢታውን ከራሳቸው አንደበት እንስማና እንረፍ። የእኔ አባት ሳሎን ናቸው፤ ሳልጠራቸው ነው የሚመልሱኝ።»

«ይሄማ ምን አለው! የእኔ እናት ገና ሳስብ ትቆጣኛለች» አሉ ሁለተኛው።

ሶልያና ከበሩ ጀርባ ትንፋሿን ውጣ ቆማለች። ዛሬም እምቢ ከተባለ አራተኛ ሽምግልና አይላክም፤ ወጉ ነው።

ጥጋቡ ግንባሩን ጠርጎ ግድግዳው ላይ ያለውን መጥሪያ ነካ። «አባባ!»

ዝም።

«እያሰቡ ነው» አለ። «በሕይወት ሳሉም ቸኩለው አያውቁም።»

ከመጥሪያው ውስጥ ብረት በሐዲድ ላይ ሲንሸራተት ይሰማ ጀመር።

«ሐሳብ እንዲህ ይንኳኳል እንዴ?» አሉ ጋሽ ድንበሩ።

«ብልሽት ነው! የከተማው ብልሽት። ትናንት እንኳ አውርተናል፤ ‹እንዳትድራት› ነው ያሉኝ።»

ክንዱ ቆመ። ቴፑ መዞር ጀመረ። በደስታ የሚንቀጠቀጥ የአዛውንት ድምፅ ቤቱን ሞላው።

«እንኳን ማርያም ማረቻት! ሕፃኗ ጡት ያዘች?»

ጥጋቡ መጥሪያውን እንደነካ ቀረ። ሶልያና በሩን ከፍታ ገባች።

«ይዣለሁ፣ አባባ» አለች። «አሁን ልዳር ነው።»

እሰይ የሚል አልተገኘም። ሦስቱም ሽማግሌዎች እጃቸውን ኪሳቸው ከተው የየራሳቸውን መጥሪያ እያጠፉ ነበር።