ይመኙሽ ሁለቱንም ትሸጣለች

ፀዳ በምትባለው ትንሽ ከተማ ሲም ካርድ የፈለገ ሰው ይመኙሽ ካሴ ሱቅ ይሄዳል። ሌላ ሱቅ ጠፍቶ አይደለም፤ እሷ አትዋሽም። «ቤትህ ወዴት ነው?» ብላ ሳትጠይቅ አትሸጥም። ኔትወርኩ እንደ ሰፈሩ ነውና፣ ቤቱ ከአስፋልቱ በላይ ከሆነ የነባሩን ኩባንያ፣ በታች ከሆነ የአዲሱን ትሰጠዋለች። ቅር ካለው ደግሞ «እንካ፣ በኔ ስልክ ሞክረው፤ ከዚያ ራስህ ምረጥ» ትለዋለች።

ይህን ያስለመዳት ሰውአገኝ የሚባል፣ ከኮሶዬ መንደር የመጣ ልጅ ነው። የአዲሱን ኩባንያ ሲም በየሱቁ እየዞረ ያስተዋውቃል። ክረምት ላይ ዝናብ አባሮት ሱቋ ጥላ ስር ገባና አንገቱን ደፍቶ፣

«የነባሩን ካርድ ስጪኝ፤ እናቴ ጋ ልደውል» አላት።

ይመኙሽ የለበሰውን የአዲሱን ኩባንያ ሸሚዝ አየችና ሳቋ አመለጣት። «ምነው፣ የራስህስ?»

«እዚህ ቦታ አይዝም። ምን ልዋሽሽ?»

ቀና ብሎ አያት። ካርዱን ሰጥታው ሂሳቡን መቀበል ረሳች፤ በራሷም ተናደደች። ሻጭ ሆኖ የራሱን ዕቃ ጉድለት የሚናገር ወንድ አይታ አታውቅም ነበር። በማግስቱ የሱንም ሲም ከነባሩ ጎን ደረደረችው። እሱም ሰበብ እየፈለገ ይመላለስ ጀመር፤ ደንበኛ ቢበዛ እንኳ ጥግ ይዞ ይጠብቃታል። የፍቅር ቃል ግን አልተነጋገሩም።

ችግሩ አብዮት ነው። የነባሩን ኩባንያ ካርድ ለፀዳ ሱቆች ሁሉ የሚያከፋፍለው እሱ ነው፤ የይመኙሽን ሱቅም ያከራየው እሱ ነው። «በኔ ቤት የሌላ ሲም አይሸጥም!» አለ። ይመኙሽ አልሰማችውም። ሰውዬው ዘዴ ቀየረና ሽማግሌ ላከ። ልጅቱንም ሱቁንም በአንድ ቁልፍ ሊቆልፍ!

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹ አባቷ ቤት መጡ። እንደ ደንቡ ቆመው፣ ካልተፈቀደልን አንቀመጥም አሉ። አያ ካሴን ላብ አጠመቃቸው። እምቢ ቢሉ ሱቁ ይዘጋል፤ ቤቱ የሚተዳደረው ደግሞ በሱቁ ነው።

«እንግዲህ... ሰውዬው እንኳ ሸጋ ነው...» ብለው ጀመሩ።

በአገሩ ደንብ ልጅቱ ጓዳ ሆና ነው የምትሰማው። ይመኙሽ ግን መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

«አባባ፣ ይቅርታ። እናንተም አባቶቼ ይቅር በሉኝ። እኔ ለአንድ ሲም ካርድ እንኳ ሰውን ሞክረህ ምረጥ እለዋለሁ። ለዕድሜ ልክ ባል እኔን የሚጠይቀኝ ጠፋ? አብዮትን አልፈልገውም። ሱቁንም ይውሰድ!»

«ኧረ አንቺ ልጅ!» ብለው አባቷ ጮኹ። አንደኛው ሽማግሌ፣ አያ እንዳልካቸው፣ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ሱቁ ተዘጋ። እሷም ከመንገዱ ማዶ ጃንጥላ ዘርግታ፣ ጠረጴዛ አቁማ ሁለቱንም መሸጥ ቀጠለች። አብዮት ካርድ ቢከለክላት ትልቁ ከተማ ፒያሳ ድረስ እየወጣች አመጣች። ደንበኛውም ተከትሏት ተሻገረ።

ይኼኔ ሰውአገኝ መንገዱ የተከፈተለት መሰለው። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እሱም ሽማግሌ ላከ! አባቷ ደስ ብሏቸው ሊያስቀምጧቸው ሲሉ ይመኙሽ ዳግመኛ ወጣች። ልቧ እየፈለገው፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ መለሰቻቸው።

በማግስቱ ጃንጥላዋ ስር መጥቶ ቆመ። ፊቱ ጠቁሯል።

«አትወጂኝም ማለት ነው?»

«እወድሃለሁ! መጀመሪያ ካየሁህ ቀን ጀምሮ እወድሃለሁ። ግን አንተም እንደ አብዮት አባቴን ጠየቅህ። እኔን መች ጠየቅኸኝ?»

ከጠረጴዛዋ ላይ አንድ ካርድ አንስቶ መልሶ አስቀመጠ። ባጃጆች እየጮኹ አለፉ።

«ጥፋቴ ነው» አለ በመጨረሻ። «አሁን ብጠይቅሽስ?»

«አሁንማ ተራው የኔ ነው። ለእናትህ ደውልላቸው፤ ሽማግሌ እልካለሁ።»

«ሴት ሽማግሌ ትልካለች እንዴ?»

«ታያለህ!»

እውነትም ላከች። አያ እንዳልካቸው ራሳቸው ኮሶዬ ወጥተው የሰውአገኝን እናት፣ እማማ ታየችን፣ «ልጅዎን ለልጃችን» አሏቸው። ሴትዮዋ ግራ ገባቸው። ከዚያ ኮስተር ብለው ለልጅቱ አስደወሉ።

«አንቺ፣ ልጄን ማንም ሳያስገድድሽ፣ ራስሽ መርጠሽው ነው?»

«ራሴ መርጬው ነው፣ እማማ።»

እማማ ታየች በረጅሙ ተነፈሱ።

«እኔን ሲድሩኝ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም» አሉ። «በይ፣ ውሰጂው።»