ጆሮ ጠቢ

ጁማና የተጠቀለለውን እርጥብ ጋዜጣ ከሰላጣው ሥር አንስታ የሳሙና ውሃ ባለበት ባልዲ ላይ አራገፈችው። ሌላ ቀን ቢሆን ቡናማዎቹ ነፍሳት የጅራታቸውን መቆንጠጫ እየከፈቱ በየአቅጣጫው ይራወጡ ነበር። ዛሬ ግን እንደ ገለባ ረገፉ።

«ሁሉም ሞተዋል» አለች።

«ታዲያ ምን ፈለግሽ? እንዲዳሩልሽ ነው?» አለ ሳቢር። የሰላጣው መደብ ተጋሪዋ ነው፤ ከስምንተኛ ክፍል ልጆች እንደ እሱ ቀልድ የማያልቅበት የለም። አሁን ግን እየቀለደ ዓይኑን ከእሷ ያሸሽ ነበር።

የትምህርት ቤቱ ልጆች እነዚህን ነፍሳት «ጆሮ ጠቢ» ይሏቸዋል፤ የተኛ ሰው ጆሮ ውስጥ ይገባሉ ስለሚባል ነው። ጁማና ይህን እንደ ስም ማጥፋት ነው የምትቆጥረው። ጆሮ ውስጥ ምን ሰላጣ አለና ይገባሉ? ቀን እርጥብና ጨለማ ቦታ ተሸሽገው ይውላሉ፤ ሲመሽ ወጥተው ቅጠል ይበላሉ። የአትክልት ክበቡ ኃላፊ ቲቸር አሻግሬ ለየሁለት ልጅ አንድ አንድ መደብ ሲሰጡ «የተባይ መድኃኒት የሚባል ነገር እንዳይነካው» ብለው ስለነበር፣ ጁማና የነፍሳቱን አመል አጥንታ ዘዴ ፈጠረች። የበሰበሰውን ቅጠልና ድንጋዩን ከመደቡ ዙሪያ አስወገደች። ማታ ማታ ውሃ ይጠጣ የነበረውን ሰላጣ ጠዋት ታጠጣው ጀመር። ሲመሽ እርጥብ ጋዜጣ ጠቅልላ ታስቀምጣለች፤ ሊነጋ ሲል ነፍሳቱ ገብተው ይሸሸጉበታል፤ ጠዋት ጋዜጣውን ማራገፍ የሳቢር ድርሻ ነው። ዛሬ እሷ ቀድማ የመጣችው ቲቸር መደቡን ሊያዩ ስለሆነ ነው።

ጎንበስ ብላ ቅጠሉን አሸተተች። ሽታውን ታውቀዋለች። አጎቷ ሽምብራ ላይ መድኃኒት ሲረጭ አፍና አፍንጫውን በሻሽ የሚሸፍንለት ሽታ ነው።

«ሳቢር፣ ምን አድርገህ ነው?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል!» ዙሪያውን ቃኘ። «ሌሊት ሱሁር በልቼ ጋደም ስል እንቅልፍ ይወስደኛል። ሳምንቱን ሙሉ አላራገፍኩትም። ቅጠሉን መብላት ከጀመሩ ትጮሂብኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ከአባቴ መድኃኒት ትንሽ ቀንሼ ትናንት ረጨሁት። ትንሽ ነው፣ ወላሂ።»

«ሰው ሊበላው እኮ ነው!»

«ይታጠባል። ደግሞ ለቲቸር እንዳትነግሪ። ጆሮ ጠቢ ካልሆንሽ በቀር።»

ይህን እንዳለ ቲቸር አሻግሬ ከኋላቸው ደረሱ። መደቡን አይተው ፊታቸው በራ።

«የሌሎቹ መደብ ወንፊት መስሏል፤ የእናንተን ደግሞ አንድም ነገር አልነካውም! ምን አደረጋችሁ?»

«ጁማና ናት» አለ ሳቢር በችኮላ። «የጋዜጣው ዘዴ ነው።»

«ጎበዝ! ነገ ጠዋት እንቆርጠዋለን። ግማሹ ለእናንተ ማፍጠሪያ፣ ግማሹ ለእኛ ለሁዳዴ ጿሚዎቹ።»

ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች ስለገጠሙ መካነ ሰላም ገበያ ውስጥ ቅጠላ ቅጠል ሳይጠወልግ ነው የሚያልቀው። ጁማና ልትናገር አፏን ከፈተች። «ጆሮ ጠቢ» የሚለው ቃል ግን ትዝ አላት። ክፍል ውስጥ አንድ ጊዜ ይህ ስም የወጣለት ልጅ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ብቻውን ነው የተቀመጠው። አፏን ዘጋች።

ቤት ስትደርስ እናቷ ወይዘሮ ኑርጃን ሎሚ እያጠቡ ነበር።

«ነገ ሰላጣሽ ይመጣል አይደል? መድኃኒት ያልነካው ነው ብዬ ለጎረቤት ለእነ አልታዬም ነግሬያለሁ። ልጆቿ ሽሮ ብቻ ሰልችቷቸዋል አሉ። ሃሩንም ትንሽ ይቀምሳል።»

ሃሩን ገና ድክ ድክ የሚል ታናሽ ወንድሟ ነው። ባለፈው ወር ከነዚያ ነፍሳት አንዱ ብርድ ልብሱ ላይ ሲሄድ እናቷ አይተው መድኃኒት ሊገዙ ተነስተው ነበር። ጁማና ለምና አስቀረቻቸው። ግድግዳውን ተደግፎ የተከመረውን እንጨት አራቀች፤ ደጃፍ ላይ የሚነጠፈውን እርጥብ ጆንያ አነሳች፤ በበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በጨርቅ ደፈነች። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ አንድም አልታየም። እናቷ ያን ጊዜ ነው ልጃቸውን ማመን የጀመሩት።

ጁማና ፈራች፤ አፈረችም። የቤታቸውን ድርሻ መንገድ ላይ ብትጥለውስ? ተሰረቀብኝ ማለት ይቻላል። ግን የአልታዬ ልጆች አሉ፣ ቲቸር አሻግሬ አሉ፣ የክበቡ ልጆች በሙሉ አሉ። የሁሉንም ፌስታል ልትሰርቅ አትችልም።

በማግስቱ ሱብሂ ተሰግዶ ሰማዩ ሲገልጥ የሳቢርን በር አንኳኳች። ሳቢር ዓይኑን እያሻሸ ወጣ።

«ቲቸር መቁረጥ ሳይጀምሩ እንድረስ» አለችው።

«ልትናገሪ ነው?»

«አዎ።»

«እውነትም ጆሮ ጠቢ ነሽ።»

ቃሉ አመማት፤ ከፈራችው በላይ አመማት። ቢሆንም ከበሩ ላይ አልተነቃነቀችም።

«ጆሮ ጠቢ ብሆን አንተ ሳትሰማ ነበር የምናገረው። በርህን ያንኳኳሁት እንድታውቅ ብዬ ነው።»

«ከክበቡ ያባርሩኛል።»

«ሊያባርሩህ ይችላሉ» አለች። አያባርሩህም ብላ ልታጽናናው አሰበችና ተወችው፤ አታውቅማ። «አብረኸኝ ብትመጣ ደስ ይለኛል። ባትመጣም እሄዳለሁ።»

ሳቢር ተመልሶ ገባ። ጁማና ትንሽ ጠበቀችው። እንደማይወጣ ሲገባት ብቻዋን ቁልቁል መንገዱን ተያያዘችው። ወፍጮ ቤቱን ልታልፍ ስትል ከኋላዋ የሩጫ ኮቴ ሰማች።

ሳቢር ነው። በፌስታል የተጠቀለለ ጠርሙስ ከሰውነቱ አርቆ ይዟል።

«የተረፈው ነው» አለ እያለከለከ። «ምን ዓይነት እንደሆነ ቲቸር ያንብቡት። ሰላጣው ጭራሽ የማይበላ ከሆነም ይንገሩን።»

«ማን ይናገር?»

«እኔ።» ጥቂት እርምጃ ሄዶ ቆመ። «አንቺ ግን አጠገቤ ቁሚ፣ እሺ?»

«እሺ» አለች ጁማና። ለአዲስ ወጥመድ በብብቷ የያዘችውን አሮጌ ጋዜጣ ጠበቅ አድርጋ ከጎኑ መራመድ ጀመረች።