መራራ የማይባልበት ቤተ መንግሥት

በማዕርያ ምድር ንብ ከንጉሥ እኩል በምትከበርበት ዘመን፣ አንድ ማለዳ ጥቁር ጉንዳን ተሰልፎ የቤተ መንግሥቱን ደረጃ ወጣ። ዘበኞች ጋሻቸውን አነሡ፤ ጉንዳን በጋሻ የሚመለስ ይመስል! ሰልፉ ወርቁን አላየም፣ ዙፋኑንም አልነካም። በቀጥታ ሄዶ የንግሥት ወለላን የሽንት ገንቦ ከበበ። ነገሩን ማሳመር ይቻል ነበር፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ሊቃውንቱ ምልክቱን አይተው አለቀሱ፤ ሽንትን የሚያጣፍጠው የማር ደዌ ገብቷልና።

ንግሥቲቱ ጠጥተው የማይረኩ፣ በልተው የሚከሱ ሆኑ። ዓይናቸውም ደከመ። መድኃኒት አዋቂዎች ሥሩንም ቅጠሉንም አቀረቡ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። ለምን ቢሉ፣ በማዕርያ ሕግ ለዙፋን የሚመር ነገር አይቀርብም። «መራራ» የሚለው ቃል ራሱ በግቢው ነውር ነበር፤ «ያልጣፈጠ» ነው የሚባለው። ስለዚህ መድኃኒቱ ሁሉ በማር ይለወስ ነበር። እሳት በቅቤ ሲጠፋ ማን አይቷል?

ይህን ያስተዋለች የግቢው አትክልተኛ ትርንጎ ብቻ ነበረች። እናቷን በዚሁ ደዌ ቀብራለች፤ ከዚያ ወዲህ ንግሥቲቱ እንደ ልጃቸው ያሳደጓት የሃያ ዓመት ወጣት ናት። ሌላ እናት መቅበር አልፈለገችም። በዙፋኑ ፊት ተንበርክካ ማለች።

«ግርማዊት ሆይ፣ በጉንዳኖች ሸለቆ ውስጥ የጣዕም ሌባ የሚባል ሐረግ አለ። ቅጠሉን ያኘከ ምላስ ማርን ከአሸዋ አይለይም። ከምላስ ጣፋጭን የሚሰርቅ ከደምም ይሰርቅ ይሆናል። ሳላመጣው ብመለስ ምድር አትቀበለኝ!»

አሮጌው የበር ዘበኛ ባሻ ዳምጠው ጦራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ። ደዌው በእሳቸውም ላይ ነበር፤ እግራቸውን ሲለበልባቸው ይውላል።

«እኔ ቆሜ ብቻሽን አትሄጂም!» አሉ።

ዘጠኝ ቀን ተጓዙ። በሸለቆው አፍ በሬ የሚያካክሉ ጉንዳኖች መንገዱን ዘጉባቸው። ትርንጎ የራሷን ጦር ብትወረውር እንደ ስንደዶ ተሰበረ። ወዲያው የስንቃቸውን ማር ከነቅሉ ወደ ገደሉ ለቀቀችው። አውሬዎቹ ሽታውን ተከትለው እየተገፋፉ ሲወርዱ፣ ሁለቱ ሮጠው ሐረጉን ቆረጡ። ከስንቃቸው ግን አንዲት ጠብታ ጣፋጭ አልተረፈም።

በመልስ መንገድ ትርንጎ ተጨነቀች። «መጠኑን ማን ያውቃል አባባ? በዝቶ ቢገድላቸውስ?»

«እኔ እያለሁልሽ? የእኔና የንግሥቲቱ ደዌ አንድ ነው። እኔ ሳልቀምሰው እሳቸው አይቀምሱትም፤ በሽበቴ ምያለሁ!»

ባሻ አንድ ቅጠል አፍልተው ጠጡ፤ ምንም አልሆኑም። በማግስቱ ሁለት ጠጡ፤ ጥማቸው በረደ፣ የእግራቸው ቃጠሎም ቀለለ። በየቀኑ ሁለት ቅጠል እየጠጡ ሦስት ቀን እያንጎራጎሩ ተጓዙ።

«በቃ፣ አገኘነው» አለች ትርንጎ።

«የንግሥት ደዌ ከዘበኛ ደዌ የባሰ ቢሆንስ? ሦስት ቢያስፈልጋቸውስ? ማወቅ አለብን። ደግሞ በሁለት እንዲህ የሆንኩ፣ በሦስትማ ፈረስ እጋልባለሁ!» ብለው ሳቁና ጠጡት።

ቀትር ላይ ላብ አጠመቃቸው። እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ትርንጎን በሟች ሚስታቸው ስም ጠሯት። ያን ጊዜ ገባት፤ ቅጠሉ ጣፋጩን ሁሉ ከደማቸው አሟጦታል። አንድ ጉንጭ ማር ብቻ ቢገኝ! አገልግሏን ገለበጠች፣ ፍሬ ፍለጋ ከዛፍ ዛፍ ሮጠች፤ አገሩ ግን ደረቅ ነበር። ስትመለስ ባሻ ቀዝቅዘው ጠበቋት። ምን ዓይነት ልቅሶ አለቀሰች መሰላችሁ! ከዚያ በጦራቸው መቃብር ቆፍራ ቀበረቻቸው።

ግቢ ስትደርስ የመድኃኒት ቤቱ አዛዥ ቅጠሉን ተቀብሎ እንደ ሕጉ የማር ጋን አስከፈተ።

«አይሆንም! መራራ ነው፤ መራራውን ይጠጡት!» ብላ ጮኸች።

አዛዡ ጆሮውን ደፈነ፤ ወታደሮች ሊይዟት ተንደረደሩ። ንግሥቲቱ ግን በእጃቸው አገዷቸው።

«መጠኑ ስንት ነው ልጄ?»

«ሁለት ቅጠል ነው ግርማዊት ሆይ። ማሩ ከአጠገብዎ ይቀመጥ፤ ላብ ካጠመቀዎ ብቻ ይቅመሱት።»

«ሦስት ብጠጣ ቶሎ አልድንም?»

«ሦስተኛውን ባሻ ዳምጠው ጠጥተውልዎታል።»

ንግሥት ወለላ ከዙፋናቸው ተነሡ። ዋንጫውን ተቀብለው፣ እያለቀሱ፣ ቆመው ጠጡት።

ደዌው ፈጽሞ ባይጠፋም ተገራ፤ ዓይናቸውም በራ። በእግራቸው መሄድ በቻሉ ጊዜ መጀመሪያ የሄዱት ወደ ባሻ መቃብር ነበር፤ መንገዱን የመራቻቸውም ትርንጎ ናት።